በበዓለ ሃምሳ የጾመችው ወጥ ሠሪ

ሰው ስለ ጨው ሲያወራ መስማት ሰልችቶኛል። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር አሳ ቤት ከፍቼ ስሠራ ፀጉሬ ሸበተ፤ ስለ ዘይት ተጨቃጭቄያለሁ፣ ስለ መብራት ተጨቃጭቄያለሁ፣ ከጫሞ ሐይቅ አሳ ጭኖ ከሚመጣው የፒካፕ ሾፌር ጋር በየጠዋቱ ተነታርኬያለሁ። በጨው ምክንያት ሰው አጣለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። አሁንም አንዱ ደንበኛ ሾርባውን ቀመስ አድርጎ ፊቱን ሲያጨማድድ ሳይ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ።

የጤና ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ የመጣው በሁዳዴ መጨረሻ ነው። በሁዳዴ አሳ ቤት ምን ሥራ አለው? ግማሹ ሰው አሳም አይበላም ይላል፣ ግማሹ ቢያምረውም ጎረቤት እንዳያየው ይፈራል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ በደንብ አነበብኩት። ጨው ከየጠረጴዛው ይነሳ ይላል። ወጥና ሾርባ ውስጥ የሚገባው ጨው በሚታደለው ማንኪያ እየተሰፈረ ይግባ ይላል። ተቆጣጣሪ ሳይናገር እየመጣ ይለካል፣ ጥፋት ከተደጋገመ ወይም ሆን ተብሎ ከተሠራ ኩሽናው ይታሸጋል ይላል። ምክንያቱንም ጽፈውታል፤ ደም ግፊት፣ ኩላሊት፣ ልብ። ሐሰት አይደለም። አባቴን የወሰደው ግፊት ነው፣ ዓይኔ እያየ። ግን እንጃ፣ ደክሞኝ ስለነበር ይሁን፣ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው "ደግሞ ይሄ መጣ!" የሚል ነበር።

ማንኪያዋን ያመጣችልን ተቆጣጣሪ ወጣት ሴት ናት፤ ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ በሚኒባስ እየወጣች ነው ሆቴል በሆቴል የምትዞረው። ትሕትና አላት፣ እንደ ሌሎቹ በር ላይ ቆማ አትጮህም። ማንኪያዋ ነጭ ፕላስቲክ ናት። ልጅቷ ወጥ ሠሪዬን አስጠርታ፣ ጨው ሞልታ፣ በቢላ ጀርባ ጠረግ አድርጋ አሳየቻት። "ለዚህ ድስት አንድ፣ ለትልቁ ድስት ሁለት፤ ከዚያ አይለፉ፣ እናቴ" አለቻት። ወጥ ሠሪዬ ማንኪያዋን በሁለት እጇ ተቀበለች።

ወጥ ሠሪዬን እትዬ ነው የምላት፤ አሥር ዓመት ትበልጠኛለች። ከካምባ ናት። እኔ ጋ የመጣችው ባሏ ሲሞትባት ነው፣ ከዚያ ወዲህ የቤቱ ስም በእሷ እጅ ነበር። አገሯ ሰርግ ሲኖር የትልቁን ድስት ጨው የሚጥል አንድ ሰው ይመረጣል አሉ፤ ሌላው ሽንኩርት ይክተፍ፣ ሥጋ ይክተፍ፣ ጨው የሚጥለው ግን ያ ሰው ብቻ ነው፣ ወጡ ቢበላሽ ስድቡም የእሱ። ካምባ ውስጥ ያ ሰው እሷ ነበረች። አርባ ምንጭ ከገባችም በኋላ እየላኩ ያስጠሯት ነበር፤ እኔም ሁለት ቀን ፈቃድ እሰጣታለሁ፣ እሷም ስትመለስ ዳጣ ይዛልኝ ትመጣለች፤ ያ የጋሞ ቃሪያ ዓይን የሚያስለቅስ።

ስትቀምስ ማየት ደስ ይል ነበር። መረቁን በጭልፋ ጫፍ አንስታ የእጇ ጀርባ ላይ ጠብ ታደርገዋለች፣ ትልሰዋለች፣ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። ከዚያ ወይ ትንሽ ጨው በጣቷ ትጨምራለች፣ ወይ "በቃው" ትላለች። እሷ በቃው ካለች በቃው ነው፤ እኔ ራሴ መቅመስ ከተውኩ ዓመታት ሆኖኝ ነበር።

ማንኪያዋ ከመምጣቷ በፊት በነበረው ክረምት ታመመች። ጉንፋን ይሁን ሌላ እንጃ፣ ሁለት ሳምንት ተኝታ ተነሳች። ከተነሳች በኋላ ጾም አበዛች። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾሟን አውቃለሁ፤ አሁን ግን ሰኞም ጾም፣ ሐሙስም ጾም። "ጾም ላይ ነኝ፣ እስቲ ቅመሺልኝ" እያለች ጭልፋውን ለአስተናጋጇ ትሰጣታለች። የጾመን ሰው ቅመስ አይባል ነገር! ከሞት ስለተረፈች ለአምላኳ ስለት ገብታ ይሆናል ብዬ ተውኳት። እንዲያውም አከበርኳት።

ማንኪያዋ ስትመጣ ታዲያ እትዬ እንደገና ሰው ሆነች። በጥቁር ክር አስራ አንገቷ ላይ አንጠለጠለቻት። ሞልታ፣ በቢላ ጀርባ ጠርጋ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ቆጥራ ነው የምትጨምረው። ለአስተናጋጇም ቅመሺልኝ ማለት ተወች። እኔ ደግሞ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንልኝም፤ "እትዬ፣ ከማተብሽ እኩል አሰርሻት እንዴ?" እያልኩ አሾፍባታለሁ። "ተይኝ ልጄ፣ ይቺ ጥሩ ነገር ናት" ትለኛለች። እኔ ጥሩነቷ አልታየኝም።

ፋሲካ አልፎ ሥራ ሲጀመር ጣጣው ተጀመረ። የመጣው ሁሉ ጨው አምጪ ይላል፣ የለም ስንለው ይቆጣል። አንዱ የአሳ ጉላሹን ገፋ አድርጎ "እመቤት፣ ሆስፒታል ነው እንዴ የገባነው?" ይላል። ሌላው "ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል" ብሎ ይተርትብኛል፣ ጠረጴዛው በሙሉ ይስቃል። የባሱት ጋሼ ናቸው። ጋሼ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ከሰሜን ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ምሳቸውን በየቀኑ እኔ ጋ የሚበሉ። ግፊት አለባቸው። ሐኪም ጨው ከልክሏቸዋል። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? የግፊት ክኒናቸው ባለቀበት ብልቃጥ ጨው ሞልተው በኮት ኪሳቸው ይዘው መምጣት ጀመሩ! ዓይኔ እያየ ሾርባው ላይ ይነሰንሱታል። "መድኃኒቴ ነው፣ አትይኝ" ይሉኛል።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። አንድ ቀን ግን ሁልጊዜ የማይጠፉ የቢሮ ሠራተኞች አራት ሆነው በበሬ አልፈው ማዶ ያለው ቤት ሲገቡ አየሁ። ማዶ ጨው ከባንኮኒ ሥር ተደብቆ እንደሚሰጥ ሁሉም ያውቃል። ደሜ ፈላ። እትዬ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ድስቱን አውጥታ፣ እጇን ታጥባ፣ ለጸሎት ወደ ጓሮ ትወጣለች። ያን ዕለት እሷ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ ስትቆም እኔ ኩሽና ገባሁ፣ ከጆንያው አንድ እፍኝ ጨው ዘገንኩ፣ ሾርባው ውስጥ ጨመርኩ፣ አማሰልኩ። በማግስቱም። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ፤ እሷ ለጸሎት ስትወጣ እኔ እገባለሁ። ሰዎቹ ተመለሱ። "አሁን ገና እጇ መጣ!" አሉ። እትዬ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ፣ ማንኪያዋን ዳሰሰቻት። እኔም ሳቅኩ፤ ምን አለበት ብዬ።

በእነዚያ ቀናት ነው ጋሼ አንድ ነገር ያሉኝ። እትዬን ነይ አብረን እንብላ ብለዋት ጾም ላይ ነኝ ብላቸው ነበር። "አንቺ፣ ይቺ ሴትዮ ምን ሆናለች? በበዓለ ሃምሳ ይጾማል እንዴ? ረቡዕ እንኳ በሚበላበት ጊዜ!" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ጾም የሚባል የለም፣ ልጅ እንኳ ያውቀዋል። እትዬ ደግሞ ከእኔ ይልቅ ሃይማኖቷን የምታውቅ ሴት ናት። ግራ ገባኝ፣ ልጠይቃት አሰብኩ። ከዚያ አምስት ሰው በአንዴ ገባ፣ ረሳሁት።

ተቆጣጣሪዋ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በሁለተኛው ረቡዕ መጣች። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ አስጠንቅቃኛለች፤ ጠረጴዛ ላይ የረሳነው የጨው ዕቃ አግኝታ። አሁን በቀጥታ ኩሽና ገባች። እንደ ትኩሳት መለኪያ ያለች ዘንግ አላት፤ ሾርባው ውስጥ ነከረቻት፣ አየቻት፣ አጠበቻት፣ እንደገና ነከረቻት።

"ከልክ በላይ ነው" አለች። "በጣም።"

እትዬ አንገቷ ላይ ያለችውን ማንኪያ ጨበጠች። "በዚህች ነው የሰፈርኩት። ጠርጌ ነው የሰፈርኩት፣ ልጄ።"

"ቀምሰውት ነበር፣ እናቴ?"

"ጾም ላይ ነኝ።"

ልጅቷም ማተብ ያሰረች ናት። እትዬን አየቻት፣ እኔን አየችኝ። "በበዓለ ሃምሳ?" አለች ቀስ ብላ።

"ስለት ነው" አለች እትዬ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። የጨው ፍንጣሪ ከቀኝ እጄ ገና አልረገፈም ነበር፤ ቀሚሴ ላይ ጠረግኩት። ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ ይህን በእውነት እምላለሁ፣ አፌ ተከፍቶ ነበር። ሆን ተብሎ ከተሠራ ይታሸጋል የሚለው የደብዳቤው ቃል መጣብኝ። ቤቴ ሲታሸግ፣ ማዶ ያለው ሰውዬ በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ ታየኝ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ ለራሴ፤ አፌን ዘጋሁ።

"እንግዲያው እጄ ነው" አለች እትዬ። "ሁለት ጊዜ ሰፍሬ ይሆናል። እርጅና ነው። እኔ ነኝ፣ እሷን አትንኪያት።"

እኔን እንዳትነካ ለመነችልኝ፤ ይሰማችኋል? ልጅቷ ቅጽ አውጥታ ሞላች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችላት፤ ከተፈቀደው በላይ ጨው የጨመርኩት እኔ ነኝ ይላል። እትዬ መጻፍ አትችልም። አውራ ጣቷን ሰማያዊ ቀለም አስነክራ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ጣቷን በውሃ ስታጥብ፣ ስታጥብ ቆየች፤ ቀለሙ አልለቅ ብሏት።

በማግስቱ ዕቃዋን ጠቅልላ ቆየችኝ። አትሂጂ አልኳት፤ ውሸቴን አልነበረም። አልሰማችኝም። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። የካምባው አውቶቡስ እስኪሞላ ጥግ ይዘን ቆመን ሳለ ነው የነገረችኝ።

"ልጄ፣ አንድ የደበቅኩሽ ነገር አለ። ከአምናው በሽታ ወዲህ ምላሴ ሞቷል። ጨውም ስኳርም አንድ ነው፣ ውሃ ነው። ብነግርሽ ታሰናብችኛለሽ ብዬ ፈራሁ፤ በጾም ሸፈንኩት። በእግዜር ጾም ቀለድኩ። ማንኪያዋ ስትመጣ ተመስገን አልኩ፣ ምላስ ሆነችልኝ። ያዳነችኝ እሷ ነበረች። ያቺንም ይዤ ሳትኩ።" ክሩን ከአንገቷ አውልቃ ማንኪያዋን እጄ ላይ አስቀመጠች። "እኚያ ግፊት ያለባቸው ጋሼ በእኔ እጅ ቢሞቱስ ኖሮ? ይቅር በይኝ።"

ይቅር በይኝ አለችኝ፣ እኔን! እኔ ምን አልኩ? አይዞሽ አልኩ። ከዚያ ሮጥ ብዬ ሙዝ ገዝቼ ሰጠኋት፣ ለመንገድ። ሙዝ! አውቶቡሱ ሲወጣ በመስኮት እጇን አወዛወዘችልኝ፤ አውራ ጣቷ ገና ሰማያዊ ነበር።

ሌላ ወጥ ሠሪ ቀጠርኩ። ከዚያን ዕለት ወዲህ እፍኝ ጨው አልዘገንኩም፣ እጄ እምቢ አለ። ደንበኛው አጉረመረመ፣ ሰነበተ፣ ለመደው፤ ይኸው ነበር እንግዲህ ነገሩ ሁሉ፣ ጥቂት መታገሥ። እኔ ግን ነገ እነግራታለሁ፣ የሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ እያልኩ አምስት ወር አለፈ። ሥራ አለ፣ ዝናብ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ሰበብ ሞልቷል፤ ሰበብ ያጣ ሰው አይቼ አላውቅም።

መስከረም ላይ ከካምባ ቅቤ የምታመጣልኝ ነጋዴ ስለ እትዬ ጠየቅኳት። "ውይ፣ እሷማ ምጣድም ድስትም ትታለች" አለችኝ። የገዛ የወንድሟ ልጅ ሲያገባ የድስቱን ጨው ጣይልን ብለዋት፣ እጄ ሰው ይጎዳል ብላ ከእንግዶቹ ጋር ሄዳ ተቀመጠች አሉ። ሰውም መንሾካሾክ ጀምሯል፤ አርባ ምንጭ ላይ ሰው ልትመርዝ ነበር፣ ፈርማ ነው የተባረረችው እየተባለ። ቅቤውን ሳልመዝን ተቀበልኳት። በሚቀጥለው የገበያ ቀን አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ።

ልጇ ቤት በር ላይ ባቄላ ስትፈለፍል አገኘኋት። ከስታለች። ስታየኝ በደስታ ተነስታ አቀፈችኝ፣ ይህ ደግሞ የበለጠ ገደለኝ። ቡና እስኪቀርብ እንኳ አልጠበቅኩም፤ ከቦርሳዬ ማንኪያዋን አውጥቼ ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩና ነገርኳት። ሁሉንም። እሷም ባቄላ መፈልፈሏን ሳታቆም ሰማችኝ።

"ስንት ቀን?" አለችኝ ስጨርስ።

"ከፋሲካ ማግስት ሳምንት ጀምሮ፣ እስክትይዘን ድረስ። በየቀኑ።"

"ስጸልይ?"

"ስትጸልዪ።"

ያኔ እጇ ቆመ። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዛ አስነሳችኝ፤ ጉልበቷ አሁንም የድስት ተሸካሚ ጉልበት ነው። "ተይ፣ አትውደቂብኝ። ድንጋይ ተሸክመሽ ብትመጪስ ምን አደርግበታለሁ? ያቺ ልጅ ጋ ወረቀት ላይ ጣቴ አለ። እኔ ሳላጠፋ ጣቴ እዚያ አለ። እሱን አንሺልኝ።" ባቄላዋን መፈልፈል ቀጠለች። ወደ አውቶቡሱም አልሸኘችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ተቆጣጣሪዋ ቢሮ ሄድኩ። ልጅቷ አዳመጠችኝ፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ቁጣ ሳይሆን ድካም ነው፣ የእኔው ዓይነት። የተፈረመ አይነሳም አለችኝ፤ ከጎኑ ሌላ ማያያዝ ግን ይቻላል። ራሴ በእጄ ጻፍኩት፤ ጨው የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ወጥ ሠሪዋ በልኩ ነው የሰፈረችው፣ እያየሁ ዝም አልኩ። ቅጂውንም ካምባ እንዲያደርሱልኝ ለመንኩ። ልጅቷ እስክሪብቶ ሰጠችኝ፣ እንድፈርም። ቀለሙን ስጪኝ አልኳት።

"መጻፍ ይችሉ የለ?"

"እችላለሁ። በጣቴ ይሁን።"

ቤቱ ለአሥራ አምስት ቀን ታሸገ። ማዶ ያለው ሰውዬ በር ላይ ቆሞ አየኝ፣ ልክ እንደፈራሁት፤ ብዙም አልከበደኝም። ጋሼ በምሳ ሰዓት መጥተው የታሸገውን በር አዩ፣ ወረቀቱን በመነጽራቸው አነበቡ፣ ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ብልቃጥ ቀጨል ቀጨል አደረጉና ሄዱ።

ቅጂው ካምባ መድረሱን ነጋዴዋ ስትነግረኝ ለእትዬ ልጅ ደወልኩ፤ ስልኩን ሰጣት። ልጇ ወረቀቱን ለእሷም ለጎረቤትም አንብቦላቸዋል። "ተመስገን" አለች። ድምጿ የድሮው ድምጿ ነበር፣ እኔም ትንሽ ተነፈስኩ። እንድትመለስ ለመንኳት፤ ማንኪያዋ እጅሽ ላይ ናት፣ ከእሷ ሌላ ምን ያስፈልግሻል አልኳት።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለች። "አንቺ ሳትጨምሪበት በፊት፣ ሾርባዬ እንዴት ነበር?"

ውሸት ቀላል ነበር። ጣፋጭ ነበር ብላት ማን ያውቅብኛል? ደስም ይላት ነበር። ግን ደክሞኛል፣ ለአንድ ተጨማሪ ውሸት የሚሆን አቅም አልቀረኝም።

"አልቀመስኩትም፣ እትዬ።"

"አንድ ቀንም?"

"አንድ ቀንም። ሰው ጨው አነሰው ሲል ሰምቼ ነው የጨመርኩት።"

ከጀርባዋ ዶሮ ሲጮህ፣ ሰው እንጨት ሲፈልጥ ይሰማኛል። የዘጋችው መስሎኝ እትዬ፣ እትዬ አልኩ።

"እኔ ያንቺ ምላስ ቢኖረኝ እቀምሰው ነበር" አለችና ስልኩን ለልጇ መለሰችለት።